ያስለቀሰን ሁሉ ማስረጃ አይሆንም





ዛሬ በአንድ ቀን በስልካችን የምንሰማውን ንግግር አያቶቻችን በወርም አይሰሙትም ነበር። ከጁሙዓ ኹጥባ እስከ ፓርላማ ንግግር፣ ከ«ሰበር ዜና» እስከ አንድ ደቂቃ የቲክቶክ ቪዲዮ፣ ሁሉም ከእኛ የሚፈልገው ነገር አለው። አንዱ እንድናምነው ይፈልጋል። ሌላው እንድንቆጣለት፣ ሌላው እንድንፈራ፣ ሌላው ደግሞ ኪሳችንን እንድንፈታለት። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ሰው ሰውን በአንደበቱ ማሳመኑ ዱላ ከማንሳቱ በእጅጉ ይሻላል። ሆኖም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከንግግር መካከል እንደ ድግምት የሚያፈዝ እንዳለ ነግረውናል። የሚያፈዝ ነገር ደግሞ ለእውነትም ለውሸትም ያገለግላል።

ስለዚህ «እንዴት እንናገር?» ከሚለው በፊት «እንዴት እንስማ?» የሚለው ይቀድማል። እኛ እንደምናየው የከተማ ሙስሊም ወጣት በዚህ ረገድ አንድ ትልቅ ክፍተት አለበት። ሌላው ወገን ያወራውን ሲሰማ ምንጭ ይጠይቃል፣ ቀኑን ያጣራል፣ ቪዲዮውን ደጋግሞ ያያል። የራሱ ወገን ያወራውን ግን እስከ መጨረሻው እንኳ ሳያይ ያጋራል። የጠላነውን በወንፊት፣ የወደድነውን በጆንያ እየተቀበልን ነው ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ክፍተት ነው።

ንግግር ሁሉ ሁኔታ አለው

ኪታብ የቀራችሁ እንደምታውቁት የበላጋ ዒልም የሚጀምረው ከአንድ መሠረት ነው። በ739 ሂጅሪያ ደማስቆ ላይ ያረፉት አል-ኸጢብ አል-ቀዝዊኒ በላጋን ሲበይኑ፣ ንግግሩ ፋሲሕ ከመሆኑ ጋር ከ«ሙቅተዶል ሓል»፣ ማለትም ሁኔታው ከሚጠይቀው ነገር ጋር መግጠሙን መለኪያ አድርገዋል። ሠርግ ቤት ያማረ ንግግር ለቅሶ ቤት ነውር ይሆናል። ቃሉ አንድ ነው፤ ሁኔታው ተለወጠ።

የበላጋ ዑለሞች ሰሚውንም በሦስት ከፍለውታል። ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ፣ የሚጠራጠርና የሚክድ። ለማያውቀው ወሬው እንዲሁ ይነገረዋል። ለሚጠራጠረው ትንሽ ማጠናከሪያ ቢጨመርለት መልካም ነው። ለሚክደው ግን ማጠናከር የግድ ይሆናል። ይህን ቀለል ያለ ትምህርት ይዘን ስልካችንን እንክፈት። «ወላሂ እውነት ነው!»፣ «መቶ ፐርሰንት የተረጋገጠ!»፣ «ሚዲያዎች የደበቁት!» የሚሉ አርዕስቶች ይመጣሉ። ማንም ገና ሳይጠራጠር ይህ ሁሉ መሐላ ለምን አስፈለገ? ብዙውን ጊዜ መሐላው የገባው ማስረጃው ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ ነው።

ሎይድ ቢትዘር የሚባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ ተቀራራቢ ሐሳብ አቅርበዋል። በእሳቸው አገላለጽ ንግግርን የሚወልደው ሁኔታ ሦስት ነገሮች አሉት። መፍትሔ የሚሻ አንገብጋቢ ጉዳይ፣ ያን ጉዳይ መለወጥ የሚችል ሰሚ፣ እንዲሁም ተናጋሪውንም ሰሚውንም የሚያስሩ ገደቦች። ከሁሉም በፊት ደግሞ ግሪካዊው አሪስቶትል ንግግር ወደ ሰው ልብ የሚገባባቸውን ሦስት በሮች ለይቶ ነበር። አንደኛው የተናጋሪው ማንነትና ታማኝነት ነው፤ ኢቶስ ይባላል። ሁለተኛው የሰሚው ስሜት ነው፤ ፓቶስ ይባላል። ሦስተኛው የንግግሩ ማስረጃና አመክንዮ ነው፤ ሎጎስ ይባላል። ይህ የአሪስቶትል ኪታብ ገና በጥንት ጊዜ ወደ ዐረብኛ ተተርጉሞ አል-ፋራቢ፣ ኢብኑ ሲናና ኢብኑ ሩሽድ ሠርተውበታል። ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ ትምህርት ነው» ብሎ የሚተወው አይኑር።

እውነት ተናግሮ መሸነፍ

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ በነበረው የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። አዲስ አበባ በጣሊያን ጦር እጅ ከወደቀች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ንግግራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አዳራሹን አወኩት። ጋዜጠኞቹ ተገፍተው እስኪወጡ ንጉሡ ዝም ብለው ጠበቁ። ከዚያም ፈረንሳይኛ እየቻሉ በአማርኛ ተናገሩ። ሙስሊሙ ስለ ንጉሡ ዘመን ያለው ትዝታ መራራ ጎን እንዳለው እናውቃለን። ያ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። የማንም ንግግር ቢሆን ግን ትምህርት ካለው እንማርበታለን።

ሦስቱንም በሮች እንመልከት። ማንነትን በተመለከተ፣ መልእክተኛ መላክ ሲችሉ አገሩን ያጣ መሪ ሆነው ራሳቸው መጡ። በራሳቸው ቋንቋ መናገራቸውም አገሩ ገና አልሞተም የሚል መልእክት ነበረው። ስሜትን በተመለከተ፣ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ የወረደው የመርዝ ጋዝ በወታደሩ፣ በሴቱ፣ በሕፃናቱ፣ በከብቱና በውሃው ላይ ያደረሰውን ገለጹ። ማስረጃን በተመለከተ፣ አባል አገሮች የፈረሙትን ቃል ኪዳን አንስተው፣ ዛሬ እኛ ላይ የተፈቀደው ነገ በማንኛውም ትንሽ አገር ላይ ይደርሳል የሚል ክርክር አቀረቡ።

ውጤቱስ? ማኅበሩ በጣሊያን ላይ ጥሎት የነበረው ማዕቀብ በሐምሌ ወር ተነሳ። ንግግሩ ጉድለት ስለነበረው አይደለም። ሰሚዎቹ ሳይመጡ ወስነው ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ወደ ሂትለር እንዳይገፉት ፈርተዋል፤ ማዕቀቡም ገና ከጅምሩ ነዳጅን ያልጨመረ ነበር። ከላይ «ገደብ» ያልነው ይህ ነው። የጣሊያን የመከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስልሳ ዓመት ፈጀ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። የመጀመሪያው፣ ጭብጨባ የእውነት ሚዛን አይደለም፤ ዝምታም የውሸት ሚዛን አይደለም። ሁለተኛው፣ «ሁሉም ፕሮፓጋንዳ ነው፣ ማንንም አላምንም» የሚል ሰው ብልህ ይመስለዋል እንጂ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጆሯቸውን ከዘጉት የተለየ አይደለም። በኋላ ስለ ውሸት ስናወራ ይህን እንዳትረሱት።

የትሪፖሊው ሰይፍ

ጄኔቭ ላይ ያ ከሆነ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1937፣ ሙሶሊኒ በፈረስ ሆኖ ትሪፖሊ አጠገብ ታየ። በወርቅ ያጌጠ «የእስልምና ሰይፍ» የሚባል ሰይፍ ተሰጠውና ራሱን የሙስሊሞች ጠባቂ አድርጎ አቀረበ። ሰይፉ የተሠራው ፍሎረንስ ውስጥ ነው። በዚያው ዘመን የጣሊያኑ ራዲዮ ባሪ በዐረብኛ ለሙስሊሙ ዓለም ያሰራጭ ነበር። በተያዘችው ኢትዮጵያም ጣሊያን መስጊድ ያሠራ፣ በሙስሊም አካባቢዎች የዐረብኛ ትምህርት ያበረታታ ነበር።

ይህ በማንነት በር መግባት ነው። ተናጋሪው «የናንተው ነኝ» ይላል። ጣሊያን ይህን በር የመረጠችው በሩ ክፍት መሆኑን አውቃ ነው። ሙስሊሙ በገዛ አገሩ በቂ ክብር ሳያገኝ ኖሮ ነበርና መስጊድ የሠራለትን ማየቱ ልብን ያረሰርሳል። የተገነባው መስጊድም እውነተኛ መስጊድ ነው፤ ሰው ሰገደበት። ተናጋሪውን ለመመዘን ግን የሰጠንን ስጦታ ብቻ ማየት አይበቃም። ይኸው መንግሥት ስድስት ዓመት ያልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1931፣ የቁርኣን አስተማሪ የነበሩትን ሽማግሌ ዑመር አል-ሙኽታርን በሕዝባቸው ፊት ሰቅሏል። የምሥራቅ ሊቢያን አርብቶ አደር ከነቤተሰቡ በበረሃ ካምፖች አጉሮ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ በረሃብና በበሽታ አልቆበታል። ሰይፉን የጨበጠው እጅና ገመዱን ያዘዘው እጅ አንድ ነው።

ዛሬም በዚሁ በር የሚገቡ አሉ። አንድ ባለሥልጣን ወይም ነጋዴ በረመዳን ኢፍጣር ላይ ኮፍያ አድርጎ ሲቀመጥ፣ አንድ ሰው ንግግሩን በዐረብኛ ሰላምታ ሲከፍት ወዲያው እንለሰልሳለን። ሰላምታው ይመለስለት፤ ምግቡንም እናመስግን። ከዚያ በኋላ ስለሚናገረው ጉዳይ ግን እንደማንኛውም ሰው ይጠየቅ።

እንባና ብልቃጥ

አሁን ስሜትና ማስረጃ ወደተባሉት በሮች እንሂድ። ለሁለቱም ምሳሌ የሚሆነን የኢራቅ ጉዳይ ነው።

ኢራቅ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1990 ኩዌትን ወረረች። ወረራው እውነት ነው፤ በኩዌት ሕዝብ ላይ የደረሰው በደልም እውነት ነው። ኦክቶበር 10 ቀን ናይራ የተባለች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ዋሽንግተን ላይ በአሜሪካ ምክር ቤት አባላት የሰብአዊ መብት ስብስብ ፊት ቀረበች። የኢራቅ ወታደሮች ሕፃናትን ከማሞቂያ ማሽን አውጥተው ወለል ላይ ሲጥሉ ማየቷን እያለቀሰች ተናገረች። የቤተሰቧ ስም ለደኅንነታቸው ሲባል እንደተደበቀ ተነገረ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ታሪኩን ደጋግመው አነሱት፤ ሴናተሮችም ጠቀሱት። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሳይቀር ተቀብሎ ካስተጋባው በኋላ አነሳው። በጃንዋሪ 1991 የአሜሪካ ሴኔት ጦርነቱን በ52 ለ47 ድምፅ ፈቀደ።

ከዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1992፣ ልጅቷ በአሜሪካ የኩዌት አምባሳደር ልጅ መሆኗ በጋዜጣ ወጣ። ዝግጅቱን ያገዘው በኩዌት ደጋፊዎች ማኅበር የተቀጠረ ሂል ኤንድ ኖውልተን የተባለ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሆስፒታል ድረስ ሄደው የጠየቁ ጋዜጠኞችም የማሞቂያውን ታሪክ የሚያረጋግጥ አላገኙም።

ለምን ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀም? የምታለቅስ ልጅን «የማን ልጅ ነሽ? ከአንቺ ሌላ ማን አየ?» ብሎ መጠየቅ ጭካኔ ስለሚመስል ነው። የስሜት ኃይል እዚህ ላይ ነው። እኛን ከማሳመኑ በላይ መጠየቅን ያሳፍረናል። በመጨረሻ የተጎዱት ደግሞ በእርግጥ የተበደሉት ኩዌታውያን ናቸው፤ አንድ የተፈጠረ ታሪክ ሲጋለጥ የእነሱም እውነት አብሮ ተጠርጥሯል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩወሪ 5 ቀን 2003፣ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ቀረቡ። ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ደብቃለች የሚል ንግግር አደረጉ። የሳተላይት ፎቶ፣ የተጠለፈ የስልክ ንግግር፣ የተንቀሳቃሽ ላብራቶሪ ሥዕል አሳዩ። አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ከፍ አድርገው ያዙ። ከኋላቸው የስለላ ድርጅቱ ዳይሬክተር ተቀምጠዋል። ፓወል በአገራቸው የተከበሩ ጄኔራል ነበሩና ብዙዎች «እሱ ካለ እውነት ነው» አሉ።

ብልቃጧን እናስብ። ይህን ያህል ትንሽ አንትራክስ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ለማሳየት የተያዘች ነበረች። ከኢራቅ የመጣች አይደለችም። ስለ ኢራቅ ምንም አታስረዳም። በዓይን ስለታየች ብቻ ግን ማስረጃ መሰለች። ከስልክ ንግግሮቹ አንዱን ደግሞ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው በጥሞና ሊያየው ይገባል። ፓወል ሲያነቡት አካባቢው እንዲጸዳና ምንም እንዳይቀር የታዘዘ መሰለ። የራሳቸው መሥሪያ ቤት ያወጣው ትርጉም ላይ ግን ያለው አካባቢው እንዲፈተሽ የሚል ብቻ ነበር። የተንቀሳቃሽ ላብራቶሪው ወሬ ዋና ምንጭ የነበረው ከአገሩ የተሰደደ ሰውም እ.ኤ.አ. በ2011 ፈጥሮ እንደነበር አመነ። ጦርነቱ በማርች 2003 ተጀመረ፤ ተፈልጎም የተባለው ክምችት አልተገኘም። ፓወል ራሳቸው በ2005 ያ ንግግር በስማቸው ላይ የቀረ ጥቁር ነጥብ መሆኑን ተናግረዋል።

እዚህ ላይ የሰሚው ጉዳይ ይመጣል። በአዳራሹ የተቀመጡት የምክር ቤቱ አባላት አብዛኞቹ አልተሸነፉም፤ ጦርነቱን የሚፈቅድ አዲስ ውሳኔም አልወጣም። በንግግሩ የተሸነፈው በቴሌቪዥን የሚያየው የአሜሪካ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ንግግር ስንሰማ ተናጋሪው ፊት የተቀመጠውን ብቻ አንይ። ካሜራው ወዴት ዞሯል? አንድ ሰው «ለመንግሥት» ብሎ ሲጮህ የሚያናግረው ተከታዮቹን ሊሆን ይችላል። «ለተቃዋሚዎቻችን መልስ» የሚል ቪዲዮም ብዙውን ጊዜ ተቃዋሚው ጋ አይደርስም፤ የሚሰማው የራስ ወገን ነው፤ የሚሞቀውም እሱ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሁለት ተከራካሪዎች ፊታቸው ሲቀርቡ አንዱ በክርክሩ የበለጠ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን እንደሚችል፣ በዚህ የተነሳ የወንድሙን ሐቅ ቢፈረድለት የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ክርክር ማሸነፍና ሐቅ መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመስከረም 1 ምሽት

እስካሁን ያየነው በከፊል የተፈጠረ ወይም የተጋነነ ነገር ነው። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ እያንዳንዱ ምስል እውነት ሆኖ አቀማመጡ ሲያሳምን ነው። ለዚህ ከአገራችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለም።

በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በፊልም ለዓለም አሳየ። መንግሥት የሸሸገው፣ ብዙ አሥር ሺዎች ያለቁበት እውነተኛ ረሃብ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ ያንን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈ፤ ግን እንዳለ አላስተላለፈውም። በወሎ ረሃብተኞች መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል እየገባ ተቀናብሮ ነበር። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ።

ረሃቡ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ግን መቀስ ነው፤ መቀሱን የያዘውም በማግስቱ ሥልጣን የሚይዘው ነው። «ይህ ፊልም ለምን ዛሬ ማታ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ንጉሡን ነፃ ሳያወጣም የነገውን ገዢ መጠርጠር ይችል ነበር። ሁለት ወር ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ ኅዳር 14፣ ደርግ ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። በፊልም የተፈረደበትን ሰው ፍርድ ቤት ማቅረብ ትርፍ ነገር ይመስላልና። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ያው ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ሰሜኑ እየተራበ ነበር። ዓለም የኮረምን ሰቆቃ በቢቢሲ ያየው ከበዓሉ በኋላ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። የድሮውን ፊልም ስሙን ቀይሮ በራሱ ላይ መሥራት ይቻል ነበር።

ወደ ስልካችን

ያን ጊዜ መቀሱ ያለው ቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በእያንዳንዳችን እጅ ነው። የአንድ ሰዓት ደርስ ውስጥ አርባ ሰከንድ ተቆርጦ ኡስታዙ ያላሉትን እንዳሉ ይደረጋል። ከሌላ አገር የተወሰደ የቆየ ቪዲዮ «ዛሬ እዚህ ከተማ የሆነ» ተብሎ ይለጠፋል። ከሥር ሙሾ የመሰለ ነሺዳ ይደረግበታል። ይህን ሌሎች በእኛ ላይ ሲያደርጉት እንጮኻለን። የእኛ ወገን ገጾችም ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ግን «ዓላማው ጥሩ ነው» ብለን እናልፋለን።

ሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛው አንቀጽ የታዘዘው ለምእመናን ነው። ፋሲቅ ወሬ ይዞ ሲመጣ አጣሩ፣ አለዚያ ባለማወቅ ሰዎችን ትጎዱና ትጸጸታላችሁ የሚል ነው መልእክቱ። በተፍሲር ኪታቦች እንደሚወሳው፣ ዘካ ለመሰብሰብ ወደ በኒ ሙስጠሊቅ የተላከው ሰው ሳይደርስ ተመልሶ «ዘካውን ከለከሉ፤ ሊገድሉኝም ነበር» አለ። ሰዎቹ ግን የወጡት ሊቀበሉት ነበር። ወሬው ሳይጣራ ቢቀር ኖሮ ደም ይፈስ ነበር። ልብ በሉ፤ ወሬው የመጣው ከጠላት ሰፈር አይደለም፤ ከራስ ወገን ነው።

የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ወደ ሥርዓት ቀይረውታል። ራዊን የሚመዝኑት በሁለት ነገር ነው፤ በዐዳላና በዶብጥ። ዐዳላ ሃይማኖቱና ሥነ ምግባሩ ነው፤ ዶብጥ የሰማውን በትክክል የመያዝ ችሎታው ነው። ሌሊቱን በሰላት የሚያድር ደግ ሰው ሆኖ ማስታወሱ ደካማ በመሆኑ ብቻ ሐዲሱ የተተወ አለ። እኛ ግን «ኡስታዝ እገሌ ሼር አድርጎታል» ካልን በቂ ይመስለናል። ኡስታዙ ዐዳላ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚያ ሩቅ ከተማ ክስተት ግን የሰሙት ከእኛው ቴሌግራም ሊሆን ይችላል። ደግነታቸውን ሳንነካ ወሬያቸውን ማጣራት ይቻላል፤ የሙሐዲሶች አደብ ይኸው ነው።

እንግዲህ ንግግር ስንሰማ ወይም ዜና ስናይ፣ ከማጋራታችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦

1. ይህ ነገር ለምን ዛሬ ተነገረ? ምን ሊሆን ሲል?

2. ፊት ለፊት ያለው ሰሚ ማን ነው? እውነተኛው ሰሚስ ማን ነው? ሰምቶ ምን እንዲያደርግ ነው የተፈለገው?

3. ተናጋሪው ይህን ማወቅ በሚችልበት ቦታ ነበር ወይ? ወይስ የምናምነው ስለምንወደው ነው?

4. እንባውን፣ ሙዚቃውን፣ ነሺዳውንና መሐላውን ብናነሳለት ምን ማስረጃ ይቀረዋል?

5. ከተቆረጠው በፊትና በኋላ ምን ነበር? ሙሉው የት አለ? ፎቶውን በጉግል ሌንስ ብንፈልገው ከየት ይመጣል?

6. ይህንኑ ወሬ፣ በዚሁ ማስረጃ፣ ሌላው ወገን ስለ እኛ ቢያወራው እናምነው ነበር ወይ?

ስድስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅመን ግን እሱ ነው። ለዚህ «አናምነውም» ካልን ለሌላውም አንለጥፈው።

«እናንተ ስታጣሩ ወገን ያልቃል» የሚለን ወጣት እንደሚኖር እናውቃለን። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ጄኔቭ ላይ የሆነውን ያየነውም ለዚህ ነው። በደል ሲደርስ ዝም ማለት የለም። ነገር ግን አንድ ቪዲዮ ለማጣራት የሚፈጀው አብዛኛውን ጊዜ ደቂቃዎች ነው። በቦታው ላለ ሰው መደወል፣ ሙሉውን መፈለግ፣ ቀኑን ማየት። ከአሥር እውነተኛ ምስሎች ጋር አንድ የሐሰት ምስል ከቀላቀልን ግን በዳዩ አሥሩን ትቶ በአንዷ ይከራከረናል፤ የተበዳዩንም ጩኸት በገዛ እጃችን እናረክሰዋለን። በድብልቅ ከተማ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ከሰዓት በኋላ የለጠፍነው የሐሰት ወሬ ማታ የአንድ ምስኪን ሱቅ በር ላይ ድንጋይ ሆኖ ሊያርፍ ይችላል። ያ ምስኪን የእኛም የሌላውም ወገን ሊሆን ይችላል። ወሬው ከተሰረዘ በኋላ የተሰበረው አይጠገንም።

ለሚናገሩትና ለሚጽፉት ወገኖቻችንም፣ ሚንበር ላይ ለሚወጡትም ገጽ ለሚያስተዳድሩትም፣ አንድ አደራ አለን። ስሜትን መቀስቀስ ሐራም ነው አንልም። የተበደለን ሰው ታሪክ ያለ ስሜት ማውራት ራሱ በደል ነው። ስሜቱ ግን ማስረጃውን ይከተል እንጂ ማስረጃው በጎደለበት አይተካ። ክብራችሁንም ላላያችሁት ነገር ዋስ አታድርጉት። ሕዝቡ የሚያምናችሁ ስለ ዲኑ በምታስተምሩት ነው፤ ያንን እምነት ለማታውቁት ወሬ ካዋላችሁት ነገ የምታውቁትን ስትናገሩም የሚሰማችሁ አይኖርም።

አንድ ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ከውሸት ሊቆጠርበት እንደሚበቃው ኢማሙ ሙስሊም በሶሒሓቸው መግቢያ ያሰፈሩትን ሐዲስ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በዘመናችን ማውራት ማለት በአውራ ጣት መንካት ማለት ነው። ያ ጣት ነገ አላህ ፊት ይመሰክራል።

አላህ ሐቁን ሐቅ አድርጎ አሳይቶን የምንከተለው፣ ባጢሉን ባጢል አድርጎ አሳይቶን የምንርቀው ያድርገን። ኣሚን።

ወሏሁ አዕለም።